ቀጭኑ ድምፅ

«ሦስተኛ ፈረቃ» የሚባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ለመጨረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ሌላው ባንድ በዚህ ዕድሜ ተመሥርቶ፣ ታውቆ፣ ተጣልቶ፣ ተበትኖ፣ ታርቆ ይጨርሳል። እነዚህ ግን ምን ያድርጉ? አራቱም የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ጠዋት ሲገባ ሌላው ከሰዓት ይገባል፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ትርፍ ሰዓት ይታዘዛል። አራቱም አንድ ላይ የሚገናኙት እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም እንቅልፍ ካላሸነፋቸው። አልበም እናወጣለን ሲሉ የፋብሪካው ሰው ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ይተርባቸው ነበር። እነሱም ለመናደድ እንኳን አቅም አልነበራቸውም።

ሊድ ጊታር የሚጫወተው ሽቦ ነው። ሽቦ ያሉት በቅጥነቱ ነው፤ ሥራው የሽመና ማሽን መካኒክነት ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። ድራሙን የሚመታው የፈረቃው ኃላፊ ነው፤ እሱን በሥራም በእሑድም አለቃ ይሉታል። ኪቦርድ የምትጫወተውና የምትዘፍነው ፈታይ ናት፣ ፈታይዋ እያሉ ነው የሚጠሯት። ቤዝ ጊታሩ የጋሼ ቋጠሮ ነው፤ የተበጠሰ ድር ሲቋጥሩ የኖሩ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው።

የሚጫወቱት ሳይኬደሊክ ሮክ ነው። ምን ማለት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ አለቃ አንድ መልስ ነበረው። ስምንት ሰዓት ሙሉ መቶ ሃያ ማሽን መሃል ቆመህ ትውላለህ፤ ከዚያ ወጥተህ አውቶቡስ ላይ ዓይንህን ስትጨፍን ጭንቅላትህ ውስጥ የሚቀረው ነገር አለ፣ እሱን ነው የምንጫወተው ይል ነበር። ዘፈኖቻቸው ረጃጅም ናቸው። ግጥሙ ትንሽ፣ ማሚቶው ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የተቀዳው ጊታር ተገልብጦ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ጠጥቶ የሚሰማው ሰው የሰከረ አይመስለውም፣ ሳይጠጣ የሚሰማው ግን የሰከረ ይመስለዋል።

የአልበሙ ስም «የጥጥ ዝናብ» ነው። የመጨረሻው ዘፈንም ስሙ ይኸው ነው። እዚያ ዘፈን መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ሽቦ ብቻውን ጊታሩን ይዞ ድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማል። ጣቱ ክር አይነካም። ጊታሩ የገዛ ድምፁን ከማጉያው እየሰማ ራሱ ማፏጨት ይጀምራል፣ ቀጭን፣ የማይቋረጥ ፉጨት። ሽቦ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ፉጨቱ ይወጣል፣ አንድ እርምጃ ሲርቅ ይወርዳል፤ እንዲህ እያደረገ አራት ደቂቃ ይመራዋል። በሕይወቱ አንድ የረባ ነገር ሠርቶ ከሆነ ያንን ፉጨት ነው። ለማን ሠራኸው ቢሉት ደግሞ ለሚስቴ ይል ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ሚስቱ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው። እሱ ከጩኸት፣ እሷ ከዝምታ እየመጡ ማታ አንድ ገበታ ላይ ይገናኛሉ፤ እሱ ሲያወራ ይጮኻል፣ እሷ ስታወራ ታንሾካሹካለች፤ ጎረቤት የሚሰማው የሱን ብቻ ስለሆነ ሁሌ የሚቆጣት ይመስላቸው ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ልምምዳቸውን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ሰምታ አታውቅም። ትመጣለች፣ አንድ ዘፈን ትቆያለች፣ ግንባሯን ይዛ ትወጣለች። ራሴን አመመኝ ትላለች። ሽቦ ይህንን እንደ ፍርድ ነው የወሰደው። አልወደደችውም፣ እንዳይከፋኝ ብላ ነው አለና በሆዱ ያዘው። ሆድ ደግሞ መጥፎ ዕቃ ቤት ነው፤ ያስቀመጡበትን እያሳበጠ ያቆያል። አሁን አልበሙ ሊያልቅ ሲል የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አገር ቢወደው ባይወደው ግድ የለውም፤ እሷ አንዴ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቁጭ ብላ ትስማው።

ቀረጻው አለቀና ድምፆቹን የማመጣጠኑ ሥራ መጣ። ስቱዲዮው ከምንጣፍ መሸጫ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ያልተሸጡ ምንጣፎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ድምፅ ይውጣሉ። ድምፅ ቀጂው ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሠርግም፣ ማስታወቂያም፣ የሳል መድኃኒት ግጥምም ሲቀዳ የኖረ። የመጀመሪያውን ዘፈን አሰማቸው። አራቱም ተያዩ።

ጊታሩ ታፍኗል አለ ሽቦ። ሲምባሉ የት ሄደ አለ አለቃ። ፈታይዋ ደግሞ ስዘፍን ቃሉ አይሰማም፣ አፌ ውስጥ ዳቦ ያለ ነው የሚመስለው አለች። ድምፅ ቀጂው የላይኛውን ቀጭን ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ ትንሽ አዞረው። ጨምር አሉት። ጨመረ። አሁንም ጨምር አሉት። እርግጠኛ ናችሁ ወይ፣ ይወጋል እኮ አላቸው። ሳቁበት። የኛ ሙዚቃ ካልወጋ ምኑን ሙዚቃ ሆነ አለ አለቃ። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ዞረ፤ ያኔ አራቱም ፊታቸው በራ፣ ጋሼ ቋጠሮ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሦስተኛው እሑድ ሲመጡ ድምፅ ቀጂው ሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ጥጥ ወትፎ አገኙት። አለቃ ደሙ ፈላ። ሥራችንን ንቆ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ለፍተን ጆሮውን ይደፍንብናል አለ። ጋሼ ቋጠሮ ናቸው ያረጋጉት፤ ተወው፣ ጥጡም የኛው ፋብሪካ ነው አሉት። ተሳሳቁና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰውየው ጥጥ እስኪወትፍ ድረስ ነግሯቸው ሳይሰሙት ቀሩ።

ሽቦ የዕረፍት ቀኑ ረቡዕ ነበር። ያለቀውን ቅጂ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ሚስቱን ነይ ተቀመጪ አላት። በልምምጥ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር፣ ልመናውም ትዕዛዙም አልመጣለትም። ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ዘፈን ጨረሰች። ሁለተኛውንም ጨረሰች። ሦስተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የሽቦ ልብ ዘለለች፣ ገባት ማለት ነው ብሎ። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ አየ። ያጠብኩትን ልብስ ላስገባ ብላ ተነሣች። ልብሱን ያስገባችው ጠዋት ነበር።

ሽቦ ማጫወቻውን ዘጋው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደማትወጂው አውቃለሁ» አላት። «ዛሬ ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

እሷ በሩ ላይ ቆመች። ክፉ መናገር የማትችል ሴት ናት፤ አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ትውጣለች።

«መውደድ መጥላት የሚባለው ጋ መቼ ደርሼ» አለችው። «ጆሮዬን ይወጋኛል። መርፌ ነው። ከመርፌው ጀርባ ምን እንዳለ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።»

የቱ መርፌ አላት። እስቲ ክፈተው አለችውና ተመልሳ ተቀመጠች፤ መርፌው በመጣ ቁጥር ጣቴን አነሳለሁ አለችው። ሦስተኛው ዘፈን እንደገና ተጀመረ። ጣቷ ተነሣ። ሽቦ አዳመጠ፤ የሱ ጊታር ነው፣ የሚያምር ጊታር። እዚህ ቦታ ላይማ አትፍረጂ ሊላት ሲል ጣቷ እንደገና ተነሣ። እዚያ ቦታ ላይ ግን ሌላው መሣሪያ ሁሉ አርፎ ነበር፣ ሽቦ ምንም አልሰማም። ጣቷ ተነሥቶ ቆየ፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ክፍሉ ለሱ ጭር ያለ ነበር። ይበቃል አላትና ዘጋው፤ ሌሊቱን ሁለቱም እንደተኙ አስመሰሉ።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካው ክሊኒክ አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። በየዓመቱ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ጆሮው ይመረመራል። ሲስተር ማዳመጫ ታደርግልሃለች፣ ፊት ለፊትህ ተቀምጣ አንድ ትንሽ መሣሪያ ትጫናለች፣ ድምፅ ስትሰማ እጅህን ታነሣለህ። ያልሰማ ሰው ከማሽኑ ተነሥቶ ማሸጊያ ክፍል ይላካል። ማሸጊያ ማለት ካርቶን ማሰር ነው፤ ሃያ ዓመት መካኒክ ሆኖ ለኖረ ሰው ከነነፍሱ መቀበር ነው። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ነባሮቹ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ማሽን ማስነሣት አይደለም። «የሲስተርን ትከሻ እይ» ነው የሚሉት። ሲስተር መሣሪያውን ስትጫን ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ትከሻው ሲነሣ እጅህን ታነሣለህ። በዚህ ዘዴ የሽመና ክፍሉ ሁሉ ዘንድሮም አምናም ካቻምናም ሙሉ ጤነኛ ነው። ሽቦም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻ ሲያይ ኖሮ፣ ውሎ አድሮ ራሱም እሰማለሁ ብሎ አመነ። ውሸት እንዲህ ነው፤ ደጋግመህ ከነገርከው ባለቤቱን ነው መጀመሪያ የሚያሳምነው።

ሐሙስ ዕለት ሳይጠራ ክሊኒኩ ሄደ። ሲስተር ምን ሆንክ አለችው። መርምሪኝ አላትና ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ሲስተር ማዳመጫውን አደረገችለት። ግድግዳው ላይ የቀለም ልጣጭ ነበር፤ እሱን እያየ ድምፁ እስኪመጣ ጠበቀ። መጀመሪያ ላይ ወፍራም ወፍራሞቹ መጡ፣ እጁን አነሣ። ከዚያ ማዳመጫው ዝም አለ። ብዙ ጠበቀ፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ እንደ መካኒክ አሰበ። በመጨረሻ ማዳመጫውን ዝቅ አድርጎ ሌላውን መቼ ነው የምትጀምሪው ብሎ ጠየቃት።

«ጨርሻለሁ» አለችው።

እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሲስተር ወንበሯን ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። ዕድሜያቸው እኩያ ነው፤ ፋብሪካው የቀጠራቸውም በአንድ ዓመት ነው።

«ትከሻዬን እንደምታዩ የማላውቅ መስሎህ ነው?» አለችው። «ለምን የማነቃንቀው ይመስልሃል? ሰው ያለ ትከሻ መሣሪያ መጫን አያውቅም?»

ሽቦ ቀና ብሎ አያት። አዘነላት፣ አፈራትም፣ በራሱም አፈረ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረህን ጠብቅ አለችው፤ ጆሮ መድፈኛ ስፖንጅም አንድ እፍኝ ሰጠችው። ካርዱ ላይ ለሚጻፈው ግን አንተው ስትዘጋጅ ና፣ ያኔ እውነቱን እጽፋለሁ አለችው። አመስግኖ ወጣ፤ ከሰዓት ፈረቃው ገባ፣ አሥራ ሁለተኛው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር መዳፉን ጭኖ በሽታውን ፈለገ። የማሽኑን በሽታ እንኳን የሚያውቀው በጆሮው አልነበረም፤ ለካ በመዳፉ ነበር።

እሑድ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሥራው ወደ ሸክላ ማተሚያው መሄድ አለበት። ሽቦ ሚስቱን ይዞ ስቱዲዮ ገባ። እዚያ ሁሉንም አስቀምጦ ነገራቸው፤ ስለ ጣቷ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ግድግዳው። መናገርን የሚያህል ድካም የለም፤ ሲጨርስ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ የሠራ ያህል ተሰማው። አለቃ አንተ ታመህ ይሆናል፣ እኛ ደህና ነን አለ። ፈታይዋ ግን ቀስ ብላ፣ እኔ የልጄን ስልክ ሲጠራ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የማነሣው ሲበራ አይቼ ነው አለች። ጋሼ ቋጠሮ ወለሉን አዩ። እሳቸው እንኳን ጆሯቸው እንደሄደ ያውቁ ነበር፤ ዝም ያሉት ባንዱ ሲበተን ማየት ስላልፈለጉ ነው፤ ይህንንም በዚያው ተናገሩ።

ሽቦ የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው። ቁልፉን እሷ ትያዘው፣ ጆሮዋን የማይወጋበት ቦታ ላይ ታቁመው፣ ከዚያ አልበሙን እንስማው። ድምፅ ቀጂው ይህንን ሲሰማ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ሚስቱ እኔ ምን አውቃለሁ ብላ አፈገፈገች። ሽቦ የማታውቂው ነገር የለም፣ ሲያምሽ ቀንሺው፣ ሳያምሽ ሲቀር ተዪው አላት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በሁለት ጣቷ ቁልፉን ያዘች፤ የቤተ መጻሕፍት ሰው እንደመሆኗ አያያዟ የአሮጌ መጽሐፍ ገጽ አያያዝ ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ቁልፉን ቀነሰች። ሲምባሉ ጠፋ። አሁንም ቀነሰች። የፈታይዋ ድምፅ ቃል መሆኑ ቀርቶ ማጉረምረም ሆነ። አራቱም ልባቸው ቆሰለ፤ አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት ነገር ብርድ ልብስ ሲከናነብ እያዩ ነው። አለቃ ከመቀመጫው ተነሣ። ሽቦ በፋብሪካው የእጅ ምልክት ተቀመጥ አለው፤ ማሽን መሃል የሚነጋገሩበት ምልክት ነው፣ አለቃም ተቀመጠ።

ሚስቱ ግን ግንባሯን አልያዘችም። ትከሻዋ ወረደ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደገፈች። አራተኛው ላይ ጭራሽ ረስታቸው ከንፈሯ ግጥሙን ይከተል ጀመር፤ ይህንን ግጥም በልምምድ ስንት ጊዜ ሰምታው ቃሉ ዛሬ ነው የደረሳት። ሽቦ ከባንዱ ጓደኞቹ ጋር ከብርድ ልብሱ በታች ሆኖ እሷን ያይ ነበር። ደስ አለው። ቅናትም ያዘው፤ በገዛ ሥራው በገዛ ሚስቱ ቀና፤ እንዲህ ያለ ቅናት ደግሞ ለማን ይነገራል?

«የጥጥ ዝናብ» ደረሰ። ድራሙ ተመታ፣ ቤዙ አጉረመረመ፣ ሁሉም በየተራቸው ዝም አሉ። ሽቦ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቃል። ጎንበስ አለና ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ምንም የለም። ድምፅ የሚለካው ትንሽ መርፌ ይነቃነቃል፣ ማጫወቻው ይዞራል፣ ክፍሉ ግን ለሱ ጭር ብሏል። በግራው አስጠጋ፤ እሱም ያው ነው።

ሚስቱ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ምንጣፍ ላይ ቀረ፤ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

«ይሄንን ነው እንዴ ስትሠራ የኖርከው?» አለችው።

ሽቦ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ቃል መጣለት፤ ቃሉ የመጣበትን ነገር ግን እሱ አልሰማውም። ወለሉ ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ቁጭ አለ።

ድምፅ ቀጂው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የቱ ነው ነገ የሚሄደው፣ የድሮው ወይስ ይሄ ብሎ ጠየቀ። አለቃ ወደ ሽቦ ጎንበስ አለ።

«ፉጨትህን እኮ አጠፋችው» አለው። «አትሰማም?»

«አልሰማም» አለ ሽቦ። «እሷ እየሰማችው ነው። ይሄ ይሂድ።»

አለቃ ወደ ሴትየዋ ፊት አየ፣ ጋሼ ቋጠሮንም አየ፤ ጋሼ ቋጠሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈታይዋ እጇን አነሣች፣ ድምፅ እንደመስጠት። ዞሮ ዞሮ የአለቃም እጅ ተነሣ። አምስት ሰዎች አንዲት ሴት ስትሰማ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ሽቦ የሚስቱን ቀሚስ ጫፍ ነካ አደረገ።

«ሲያልቅ ንገሪኝ» አላት።

ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ እሺ አለችው፤ እሱም ጠበቀ።